የሚተነፍሰው ጉድጓድ

ጅዳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴም ለእናቴም ለራቢዓ ይማም፤ ቆቦ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እታለም? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ክረምቱ የአባታችንን ቤት ግድግዳ እንደጣለው ከጎብዬ የመጣ ሰው ነገረኝ። ጎረቤት ተጠግተሽ መክረምሽንም ሰማሁ። ግን አብሽሪ። ወንድምሽ እዚህ አገር አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲነድፍ ነው የኖረው። የባዕዱን ሁሉ ቪላ ስስል አንቺ ከወደቀ ግድግዳ ሥር ልትኖሪ ነው? ወላሂ አይሆንም። ቀበሌው የሰጠሽ አዲስ ቦታ ከከተማው ዳር ነው አሉ። እዚያ ላይ ቤት እነድፍልሻለሁ።

የምነድፈው ግን የጅዳን ቤት አይደለም። የዚህ አገር ቤት እዚያ ቢተከል ያለ ማሽን የማይተነፍስ ምድጃ ነው የሚሆነው። የእኛን ፀሐይና የእኛን ንፋስ የሚያውቅ ቤት ነው የምፈልገው። ስለዚህ የምጠይቅሽን በደንብ መልሺልኝ። መሬቱ የሚያዘቀዝቀው በየት በኩል ነው? የከሰዓት ፀሐይ የት ያርፋል? ንፋሱ ከየት ይነሣል? ግቢው ውስጥ ዛፍ አለ? ርዝመቱንና ወርዱን በክንድ ለክተሽ ላኪልኝ።

የልጅሽን የአሊን ወሬ ካገኘሁ ዓመት ሊሆነው ነው። ምነው ዝም አለ? ታናሹ ታሂርስ? ስለየው ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ጢም አብቅሏል ማለት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ዘይኑዲን

—

ቆቦ፣ ኅዳር 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለናቴ ልጅ ለዘይኑዲን።

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ እንጀራህን ያስፋልህ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የምስክር ወረቀቴን በጭብጨባ ወስጃለሁ። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅ።

የጠየቅከውን ልንገርህ። ቦታው ወርዱ ሠላሳ ክንድ፣ ርዝመቱ አርባ ነው። ከላይ ከምዕራብ ከተራራው ወደ ምሥራቅ ያዘቀዝቃል። ወደ ምሥራቅ ስትቆም ሜዳውን አልፎ የዞብል ተራራ ግጥም ብሎ ይታይሃል። ንፋሱ ከዚያው ከዞብል በኩል ነው የሚነሣው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣና ወጡን ሁሉ አፈር ያደርገዋል። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ቁረጪው ብለውኝ እምቢ ብያለሁ። ግንበኛችን አያ ሞላ ነው፤ ታስታውሰዋለህ፣ የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም አጥር የሠራ ሽማግሌ።

አሊ ባለፈው ዓመት ለአገር ጥሪ ሄዷል። ከአሥመራ በኩል አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የለም። ሆድ ይፍጀው።

ታሂር ቡና ለመልቀም ጅማ ወርዷል። ደህና ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የማሽላ ጉድጓዱን ከቤቱ ውስጥ አድርግልኝ።

እኅትህ ራቢዓ

—

ጅዳ፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለራቢዓ። ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ አላህ ጤናሽን ያብዛልኝ።

ንድፉን ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። ከሥራ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ደክሜበታለሁ። የወር ደመወዝ የሚያስገኝልኝን ሥራ እንዲህ በፍቅር ሠርቼው አላውቅም። ለአያ ሞላ እንዲህ በይልኝ። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ፣ ውፍረቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሁን፤ ቀን ሙቀቱን ይመልሳል። ወለሉ ከመሬት ሦስት ደረጃ ከፍ ይበል። በምዕራብ በኩል የከሰዓቱን ፀሐይ የሚከላከል በረንዳ ይውጣለት። ከቆርቆሮው ሥር የአቡጀዲ ኮርኒስ ይወጠር፤ በመካከላቸው ንፋስ ይለፍ። ግራሩ አይነካም፤ ቤቱ ነው ለእሱ ዞር የሚልለት።

በምሥራቅ ክፍል ላይ የምታዪው ትልቅ መስኮት የእኔ ስጦታ ነው። ጠዋት ስትነሺ ዞብልን ከመኝታሽ ሆነሽ ታዪዋለሽ። አቧራ አለ ብለሻል፤ መዝጊያ አድርጌለታለሁ። ከዚህ አገር ሆኜ በዓይኔ የሚዞረው ያ ተራራ ነው፤ እምቢ እንዳትይኝ።

ጉድጓዱን ግን ከጓሮ ነው ያደረግኩት። በአሁን ጊዜ ቤት ውስጥ ጉድጓድ ምን ይሠራል? ምስጥ ነው የሚጠራው።

የታሂርን የጅማ አድራሻ ላኪልኝ። ልጽፍለት እፈልጋለሁ።

ዘይኑዲን

—

ቆቦ፣ መጋቢት 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑዲን። አላህ እጅህን ይባርከው።

ንድፍህን አያ ሞላ መሬት ላይ ዘርግቶ በአራት ድንጋይ ጫነና ሲያየው ዋለ። «ግድግዳውን ያወቀ ነው፤ ፀሐዩንም ያወቀ ነው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ጅዳ የተቀመጠ ሰው ግን የእኛን ጎርፍ አያውቀውም» ብሎ ተነሣ። ካባቱም ዘመን ጀምሮ አፈር ሳይቀምስ መሠረት አያወጣም፤ ይኸው ግቢውን በዶማው እየወጋ ይዞራል። መሠረቱ ተጀምሯል።

ጉድጓዱ ቤት ውስጥ ይሁን ብዬሃለሁ። ጥልቀቱ አራት ክንድ፣ የታችኛው ወርዱም አራት ክንድ ይሁን። አየር የሚገባበት ቀዳዳም ይኑረው። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። አሳድጌሃለሁ፤ አዝዬህ ነው ገበያ የወረድኩት። ለአንዲት ጊዜ እሺ በለኝ።

የታሂር አድራሻ የለኝም። ዛሬ ከአንዱ እርሻ ነገ ከሌላው ነው። ለማንም አትጻፍ፤ ስለእሱ ማንንም አትጠይቅ።

ራቢዓ

—

ጅዳ፣ ግንቦት 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለራቢዓ። አላህ ቁጣሽን ያብርድልኝ።

እታለም፣ ነገርሽ ግራ ገባኝ። ማሽላ አየር ከነካው ነቀዝ ይበላዋል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? አፉን በገለባና በጭቃ ስትመርጊው ጭቃ አቀባይሽ እኔ አልነበርኩም? ለሰባት ዓመት ታፍኖ የኖረ ማሽላ ከአባታችን ጉድጓድ ወጥቶ በልተናል። አየር የሚገባበት የእህል ጉድጓድ በራያ ምድር ተሰምቶ አይታወቅም።

ቢሆንም ታላቄ ነሽ፤ እሺ ብያለሁ። አዲስ ንድፍ ሠርቻለሁ። ጉድጓዱ በምሥራቅ ክፍል፣ ከመኝታው ሥር ነው። ከእሱ አንድ ቱቦ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ልኩንና ስሙን ሁሉ በጉልህ ጽፌበታለሁ።

ደግሞ በፈቃድ እንዳትጉላዪ ብዬ አንዱን ቅጂ የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጠው ክፍል በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ቅጂው ለቀበሌሽም እንዲደርስ ጠይቄያለሁ። ሕግ ይከበር፤ ነገ አፍርሱ የሚል እንዳይመጣብሽ። ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ዘይኑዲን

—

ቆቦ፣ ግንቦት 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለናቴ ልጅ። ይህን ደብዳቤ ለሐጅ የሚሄደው በድረዲን ነው በእጁ የሚሰጥህ። ማንም ስለማይከፍተው እውነቱን ልጽፍልህ ነው። አንብበህ አቃጥለው።

አሊን የወሰዱት ጥሪ ደርሶት አይደለም። ለስብሰባ ኑ ተብለው ወጣቶቹ አዳራሽ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ፤ ከኋላው መኪና ቆሞ ነበር። የእግሩን ጫማ እንኳ ላቀብለው ስሮጥ አቧራው ነው የደረሰኝ። ያንን ጫማ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ታሂር ጅማ ሄዶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ተራው የእሱ እንደሆነ ሲወራ ከዞብል ግርጌ ግመል ጠባቂዎች ጋር ደበቅኩት። አሁን እዚያም ፍተሻ ገባ። ጓድ ጌታሁን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ በየሳምንቱ እየመጣ «ከጅማ መቼ ነው የሚመለስ?» ይለኛል። ሲጠይቀኝ ፈገግ ይላል። ያ ፈገግታው ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ጉድጓዱ ለማሽላ አይደለም። አያ ሞላና ታሂር ቆፍረው ጨርሰውታል። ልጄ ቀን ቀን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ታፍኖ የኖረ ጉድጓድ ሰው እንደሚገድል ታውቃለህ፤ ጎረቤታችን ፈንታው ኩራዝ ሳያወርድ ገብቶ የሞተውን አትረሳም። እኔም ልጄ ከመግባቱ በፊት ኩራዝ በገመድ አወርዳለሁ። እሳቱ ከቆየ ይገባል። ከተንቀጠቀጠ ክዳኑን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ ልቤም አብራው ትንቀጠቀጣለች። አየር አየር ያልኩህ ለዚህ ነበር። ወንድሜ፣ አንዱን ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ የለኝም።

አደራህን፣ ስለ ጉድጓዱ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።

ራቢዓ

—

ጅዳ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለራቢዓ።

ትናንት በድረዲንን አገኘሁት። ቶሎ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

በግንቦት የላክሁት ንድፍ ስሕተት አለበት። ብዙ ስሕተት አለበት። በእሱ እንዳትሠሩ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ዛሬውኑ ድፈኑት። ማሽላውን ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ ሩቅ ቤት አዛውሪው። አንድ ቀን እንኳ አይደር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ በገዛ እጄ፣ በጉልህ ጽሑፍ ወጣ። መልስሽን በቶሎ።

ዘይኑዲን

—

ጅዳ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለራቢዓ።

መልስ የለም። ከቆቦ ከዋጃም የመጣ ሰው ካለ ብዬ ወደቡን ስዞር ሰነበትኩ። በር የሌለው ቤት ስዬ ሰጠሁ፤ አለቃዬ ወባ ነው ብሎ ሐኪም ቤት ላከኝ። ማሽላው ደህና ነው የሚል አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ያ ረቢ፣ አንድ ቃል።

ዘይኑዲን

—

ቆቦ፣ መስከረም 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለናቴ ልጅ ለዘይኑዲን። ይህንንም በሰው እጅ፣ በጎረቤቴ በሙሚና ባል ነው የምልክልህ።

ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ አይደለም። እርግጥ ተቆጥቻለሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ስምህን ጠርቼ የረገምኩህ ቀን ነበር፤ አላህ አይስማኝ። ግን የእኔ ደብዳቤ እየተከፈተ ስለሆነ ነው የዘገየሁ። የሐምሌውም ደብዳቤህ የደረሰኝ እነሱ ከመጡ በኋላ ነው።

ሐምሌ 6 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጓድ ጌታሁን ከስድስት ታጣቂዎች ጋር መጣ። አንተ የላክኸውን ወረቀት በእጁ ይዟል። ልብሴን እያጠብኩ ነበር፤ ወረቀቱን ሳየው የማን ጽሕፈት እንደሆነ ከሩቅ አወቅኩት።

የጌታሁን አባት ጉድጓድ ቆፋሪ እንደነበር ታውቃለህ? የራያ ልጅ ነው፤ ሌላ አገር ሰው ቢሆን ዓይቶ ያልፈው ነበር። ጣቱን ቱቦው ላይ አድርጎ «እሜቴ ራቢዓ፣» አለኝ፣ «ማሽላ ከመቼ ወዲህ ነው የሚተነፍስ?»

«ወንድሜ አገሩን ረስቶ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሰዎቹን ምሥራቅ ክፍል አስገብቶ ቆፍሩ አለ። እሱ ግን ሙቀቱን ሸሽቶ በምዕራብ ክፍል ካለው መደብ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ዘይኑ፣ ታሂር ያለው ከዚያ መደብ ሥር ነበር።

አያ ሞላ በመጋቢት፣ ወረቀትህ ሳይመጣ፣ ምሥራቅ ክፍሉን ሲወጋ፣ በሁለት ክንድ ላይ የጎርፍ አሸዋ አገኘ። «ይህ የድሮ የጎርፍ መንገድ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ መንገዱን አይረሳም» አለና ጉድጓዱን ወደ ላይኛው፣ ወደ ምዕራብ ጥቁሩ አፈር ወሰደው። አዲሱ ንድፍህ ሲደርስ ቁፋሮው አልቆ ነበር። አፉ ላይ ክዳኑ የሚነሣ መደብ ሠራበት። ትንፋሹንም በዚያ አንድ ክንድ ከስንዝር ባልከው ግድግዳ ሆድ ውስጥ አሳልፎ ከቆርቆሮው ሥር አወጣው። ግድግዳውን ያወፈርከው ለሙቀት ብለህ ነበር፤ ለልጄ መተንፈሻ ሆነው።

ጌታሁን እዚያ ላይ ተቀምጦ ውሃ አምጪልኝ አለኝ። ሰጠሁት። ጠጥቶ ትራፊውን በመደቡ ጥግ ደፋው። ውሃው በስንጥቁ ሲገባ እያየሁ ቆምኩ። ኋላ ታሂር እንደነገረኝ ጠብታው የወረደው ግንባሩ ላይ ነው። ለመጥረግ እጁን ማንሣት ፈራ። አፉን በጋቢው አፍኖ፣ ከላዩ የተቀመጠውን ሰውዬ ሳል እየሰማ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆየ። እኔ ደግሞ እንዳላይ እንዳላይ እያልኩ ዓይኔ ወደ መደቡ ይሄድብኛል። ዓይኔን ማውጣት ብችል ኖሮ ባወጣሁት።

በምሥራቅ አራት ክንድ ቆፈሩ። አሸዋና ጠጠር ብቻ። ጌታሁን ተነሥቶ ጉድጓዱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። «እውነትም ወንድምሽ አገሩን ረስቷል» ብሎ ሄደ። እነሱ ከወጡ በኋላ ለረጅም ሰዓት አልከፈትኩም። ስከፍተው ታሂርን በስሙ ብጠራው መልስ አልሰጠኝም። ሞተ ብዬ ነበር። ድምፁ ነው የጠፋበት፤ ከሦስት ቀን በኋላ ነው የተናገረ።

በነሐሴ ጎርፉ መጣ። አያ ሞላ እንዳለውም በዚያው በድሮ መንገዱ መጣና ታጣቂዎቹ በምሥራቅ የቆፈሩትን ጉድጓድ እስከ አፉ ሞላው። በአንተ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ልጄ ሁለት ጊዜ ይሞት ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታለቅስ አይደለም። ቦታን ሳያዩ ቤት መንደፍ ምን እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከእኛ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ፣ በምዕራብ በኩል፣ ጌታሁን ለራሱ ወስዶታል። ውጭው ሲሞቅ ቤታችን እንደማይሞቅ ያን ቀን በመደቡ ላይ ተቀምጦ አይቷል። ባለፈው ዓርብ መጥቶ «ለዚያ ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ለእኔም እንዲህ ያለ ቤት ይንደፍልኝ፤ ዞብልን የሚያይ ትልቅ መስኮት ያለው» አለኝ። ፈገግ ብሎ።

እሱ ዞብልን የሚያየው በእኛ ግቢ ላይ አሻግሮ ነው። ታሂር እግሩን ለማፍታታት የሚወጣባትን የበረንዳ ጥግ ከመስኮቱ ቁልቁል ያያታል። እምቢ ልለው አልችልም። አንተም እምቢ ማለት አትችልም።

ንደፍለት። አሳምረህ ንደፍለት። ግን ጀርባውን ለእኛ የሰጠ ቤት ይሁን። ምክንያቱን አንተ ፈልግ፤ ንፋስም ይሁን ፀሐይ፣ አንተ ታውቅበታለህ። በፖስታ ላከው፤ እሱ ከፍቶ እንዲያነበው።

እኅትህ ራቢዓ

—

ጅዳ፣ ኅዳር 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርሽው እኅቴ ለወይዘሮ ራቢዓ ይማም፤ ቆቦ።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለተከበሩ ጓድ ጌታሁን የቤት ንድፍ እንድሠራ መጠየቄን በታላቅ ደስታ ተቀብያለሁ። ከዚህ ጋር ያያያዝኩትን በአክብሮት አድርሺልኝ፤ ማብራሪያውንም አንብቢላቸው።

ጓድ ጌታሁን ዞብልን የሚያይ መስኮት መፈለጋቸውን ተረድቻለሁ። እኔም የመጀመሪያውን ንድፍ ስሠራ ያው ምኞት አሳስቶኝ ነበር። ነገር ግን የቦታውን ተፈጥሮ እንደገና ሳጠና፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራ የሚሸከመው ንፋስ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው። በዚያ በኩል የሚከፈት መስኮት ቤቱን አፈር ያለብሰዋል፤ ለዓይንና ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ምሥራቁን ግድግዳ ያለ አንዳች ቀዳዳ፣ ወፍራም ድንጋይ አድርጌዋለሁ። በሩና መስኮቶቹ ሁሉ ከዞብል የበለጠ ወደሚያምረው፣ ወደ ምዕራብ ተራራ ይመለከታሉ። ለከሰዓቱ ፀሐይ ሰፊ በረንዳ አውጥቼላቸዋለሁ። ጎርፍ ከላይ መጥቶ አፈሩን ወደ ታች እንዳይጠርግም ከምሥራቁ ግድግዳ ጀርባ ቁመቱ ሦስት ክንድ የሆነ የድንጋይ ካብ ቢሠራ መሠረቱን ያጸናዋል።

ግንባታውን አያ ሞላ እንዲመሩት እለምናለሁ። አፈሩን ቀምሰው፣ ንድፉ ከመሬቱ ጋር ካልተስማማ መሬቱን ይስሙ። በዚህ ቤት እያንዳንዱን ስንዝር ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ የሠራሁት ሥራ የለም።

እታለም፣ ለአንቺ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ማሽላው እንዳይነቅዝ፣ ኩራዙን አትርሺ።

ታናሽ ወንድምሽ
ዘይኑዲን